ወረቀቶቼ የጠፉበት ሰሞን

ስሜ ዝርዝሩ ላይ የወጣ ቀን አባቴ አልተደሰተም። ነገሩ የጀመረው ከዚያ ነው።

ደሴ ያለ ኮሌጅ ነው፤ ነርስነት፣ በዲግሪ። ኮሌጁ ቴሌግራም ላይ የለቀቀውን ዝርዝር በሁለት ጣቴ እየለጠጥኩ ስሜን ከአባቴና ከአያቴ ስም ጋር ደጋግሜ አነበብኩት፤ የሌላ ሰው እንዳይሆን ፈርቼ። በእኛ ስም የሚጠራ ሰው ከሚሴ ውስጥ ሞልቷል። እኔው መሆኔን ሳረጋግጥ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። አባቴ እሁድ ከሰንበቴ ገበያ የገዛቸውን ፍየሎች ውሃ እያጠጣ ነበር። ነገርኩት። "አልሃምዱሊላህ" አለና ፊቱን ወደ ፍየሎቹ መለሰ።

እኔ አባቴ ሲደሰት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አንድ ሙክት ደህና ሲሸጥለት እንኳ ከእናቴ ጋር ሲቀላለድ ነው የሚውለው። እዚያው ቆሜ ጀርባውን አየሁት። ባልዲውን አስቀምጦ ዘወር ይል እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩ። አላለም። የሆነ ነገር አለ አልኩ በሆዴ።

ተጠራጣሪ ነኝ፣ አልክድም። እናቴ "አንቺ ሰው ሰላም ሲልሽ እንኳ ምን ፈልጎ ነው ትያለሽ" ትለኛለች። ግን እኛ ቤት መጠራጠር በእኔ አልተጀመረም። ከሦስት ዓመት በፊት ታላቅ እህቴ ኮምቦልቻ ኮሌጅ ልገባ ነው አለች። ጉርድ ፎቶ ተነሳች፣ የጤና ምርመራ አደረገች፣ የስምንተኛ ክፍል ካርዷን ከእናቴ ሳጥን አወጣች። ለኮሌጅ ነው ስትል እኛም አዎ አልን። ለካ ለኤጀንሲ ኖሯል፣ ዓረብ አገር ልትሄድ። ኤጀንሲው ሲያጓትታት ጊዜ አንድ ቀን ተነስታ በባቲ በኩል፣ በአፋር በረሃ አድርጋ፣ ባህር ተሻግራ ሄደች። ሻንጣውን የገዛላት አባቴ ነው። ኮሌጅ የምትሄድ መስሎት ከከሚሴ መናኸሪያ መኪና ያሳፈራትም እሱ ነው። ከወር ከምናምን በኋላ ከሳውዲ ስትደውል ስልኩን ያነሳው እሱ ሆነ። ሰማት፣ ስልኩን ለእናቴ አቀበላት፣ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የእሷ ወሬ ሲነሳ እሱም ከተቀመጠበት ይነሳል።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ የአባቴን ዝምታ ከእህቴ ጋር አላገናኘሁትም። እሷ እሷ ናት፣ እኔ እኔ ነኝ። የእኔ ስም እኮ በዝርዝር ወጥቷል፤ ምን ሊጠረጥር ይችላል? እኔ የጠረጠርኩት ሌላ ነው። ሊድረኝ ነው አልኩ፤ ሁለተኛዋም ሳታመልጠው።

ነርስነቱን ደግሞ እንዲሁ አልመረጥኩትም። አስራ አራት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ታይፎይድ ይዟት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እናቴን ትኩሳት ሲይዛት አማርኛው ይጠፋባታል፤ ኦሮምኛ ብቻ ነው የምታወራው። ተረኛዋ ነርስ ደግሞ ኦሮምኛ አትሰማም። ስለዚህ እኔ መሃል ቆሜ አስተረጉም ነበር። እናቴ ስለ ሰውነቷ የተናገረችውን አፍሬ የዘለልኩት አለ፤ ያላለችውን የጨመርኩትም አለ። ነርሷ የምለውን ሁሉ ትጽፋለች። አላህ አወጣት እንጂ በእኔ ትርጉም አልዳነችም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የኛን ሰው በገዛ አፉ የምታዋራ ነርስ መሆን ነው ያማረኝ፤ ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም። ምዝገባው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በቀኑ ያልቀረበ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል ተብሎ ከዝርዝሩ ስር በቀይ ተጽፏል።

ለምዝገባ የሚያስፈልገውን በወረቀት ገልብጬ ከአልጋዬ በላይ በፕላስተር ለጠፍኩት፤ የስምንተኛ ክፍል ካርድ ዋናው፣ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ዋናው፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ስምንት ጉርድ ፎቶ፣ የጤና ምርመራ ማስረጃ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወረቀቱ ግድግዳው ላይ የለም። ከሰዓት በኋላ ስመለስ አለ። እኔ ግን አራት ማዕዘኑን ነበር የለጠፍኩት፤ አሁን ከላይ ብቻ ነው የተለጠፈው፣ ያውም በሰፊ ፕላስተር።

"እማ፣ ይህን ወረቀት ማን ነካው?"

"ነፋስ ይሆናል" አለች፣ ቀና ሳትል።

"ነፋስ ፕላስተር ያመጣል?"

"አንቺ ልጅ፣ እስቲ ሽንኩርቱን ላጪ።"

አባቴ ቁርአን ይቀራል እንጂ የአማርኛ ፊደል አይለይም። እናቴም አታነብም። እንግዲህ ዝርዝሬ ከቤት ወጥቶ፣ ሌላ ሰው አንብቦት ተመልሷል ማለት ነው። ለምን? የሙሽራው ወገን እኔ የት ልሄድ እንዳሰብኩ ሊያውቅ ፈልጎ መሆን አለበት አልኩ። ሌላ ምን ምክንያት ይኖራል።

በዚያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ መጡ። ከባቲ ናቸው፣ የግመል ነጋዴ፤ ጢማቸውን ሂና ተቀብተዋል። ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ ቤታችንን ረግጠው አያውቁም። ደህና ጫት ይዘው ነው የመጡት። አባቴ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው፣ እጃቸውን ሳመ፣ ከዚያ በኦሮምኛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ያዙ።

እኛ ጋ እንዲህ ነው፤ ሴት ልጅ ሊጠይቅ የሚመጣ ሽማግሌ የመጀመሪያ ቀን የመጣበትን አይናገርም። ጫቱን ይዞ ይመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ይወራል፣ ይሄዳል። ሁለተኛ ቀን ስለ ልጅቱ ዞር ዞር ብሎ ይጠይቃል። ነገሩ የሚወጣው በሦስተኛው ነው። ስለዚህ አንድ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ።

ሁለተኛውን ቀን ውሃ ይዤ ስገባ ወሬያቸውን አቆሙ። ሽማግሌው ጣሳውን ተቀብለው አልጠጡም፤ ፊቴን ነበር የሚያዩት። ደግሞ እንዲያው አየት አድርገው የሚተዉት ዓይነት አይደለም። ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ አገጬን አንድ በአንድ አዩት። ግመል የሚገዛ ሰው እንዲህ ሲያይ አውቃለሁ።

"ስንት ዓመቷ ነው?" አሉ አባቴን፤ እኔ እዚያው ቆሜ።

"አስራ ዘጠኝ ይዛለች።"

"ማሻአላህ። አላህ ይጠብቃት።"

ወጥቼ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። "ዮም ዴምቲ?" ሲሉ ሰማኋቸው፤ መቼ ነው የምትሄደው ማለታቸው ነው። አባቴ የመለሰውን አልሰማሁትም። ወዴት ነው የምሄደው? ወደ ባቲ ነው? የማን ቤት? ወደ ማድ ቤት ተመለስኩ። እናቴ ፊቴን አይታ "ማል ታቴ?" አለችኝ፤ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። ምንም አልኳት።

በዚያው ሰሞን እሷም አዲስ ብርድ ልብስ ገዝታ መጣች። ወፍራም ነው፣ ባለ አበባ። "የትም ብትሄጂ ይሆንሻል" አለችኝ። እኔ የምሄደው ደሴ ነው፤ የደሴን ብርድ የማያውቅ የለም፤ ለደሴ ይሆንሻል ብትለኝ ምን ነበረበት? የትም ብትሄጂ ማለት ምን ማለት ነው? ብርድ ልብሱን አጥፌ ሳስቀምጥ እንደ ሙሽራ እቃ ነበር የታየኝ።

የጤና ምርመራውን ላሠራ ክሊኒክ ሄድኩ። ወረፋ ላይ የተቀመጥነው ሁላችንም ሴቶች ነን፣ ሁላችንም የላስቲክ ፋይል ይዘናል። ሐኪሙ ስሜን ጽፎ፣ ቀና ሳይል "የት አገር ነው?" አለኝ።

"ደሴ።"

"ደሴም ቪዛ ጀመረች?" አለ። አጠገቡ ያለችው ልጅ ሳቀች።

ለኮሌጅ መሆኑን ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። "አብሽሪ፣ ዛሬ ከመጡት ለትምህርት ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ" አለኝ። ወረፋው ላይ ያሉትን ልጆች ዞሬ አየኋቸው። አንዷ ከእኔ ጋር አስረኛ ክፍል የተማረች ናት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ደሜን ሰጥቼ ስወጣ አባቴን አየሁት። ከመንገዱ ማዶ አንድ ባጃጅ አጠገብ ቆሞ ከሹፌሩ ጋር ይከራከራል። አባቴ በሕይወቱ ባጃጅ ተሳፍሮ አያውቅም፤ ሦስት እግር ያለው ነገር አላምንም ነው የሚለው። እንዳላየሁት ሆኜ አለፍኩ። ቤት ስገባ ከኋላዬ ደርሶ "የት ነበርሽ?" አለኝ።

"ክሊኒክ።"

"ለብቻሽ?"

"ለብቻዬ።"

እሱም ማየቱን አልነገረኝም፣ እኔም ማየቴን አልነገርኩትም። እንዲህ ሆነን ነው ከአንድ ትሪ የምንበላው። እናቴ በመሃላችን ተቀምጣ እንጀራውን ወደ እኔም ወደ እሱም ትገፋለች። ከመካከላችን ግልጹን የሚናገር አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ያኔ ግን ምስጢሬን የነገርኩት ለሰፈር ጓደኛዬ ነው። "እኔ አንቺን ብሆን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም" አለችኝ። "ባቲ አንድ ሰው አለ። ከዚህ የሄዱት ሁሉ በእሱ ነው የሄዱት።" ቁጥሩን ሰጠችኝ። ልጠቀምበት አልነበረም የተቀበልኳት፤ ቢያንስ ለራሴ እንዲያ ነው ያልኩት። በሰው ስም ግን አልመዘገብኩትም። "ፎቶ ቤት" ብዬ መዘገብኩት። ሰው ልጠቀምበት አይደለም ለሚለው ቁጥር የውሸት ስም ያወጣል እንዴ? ይህን ያኔ ራሴን አልጠየቅኩም። ሌላውን ሁሉ ስመረምር ራሴን ረስቼ ነበር።

ምዝገባው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ ፎቶዎቹን ከወረቀቶቹ ጋር ልጨምር የእናቴን ሳጥን ከፈትኩ። ፋይሉ የለም። ልብሱን አንድ በአንድ አወጣሁ። የለም። የስምንተኛ ካርዴ፣ የአስራ ሁለተኛ ውጤቴ፣ መታወቂያዬ፣ ሁሉም በዚያ ፋይል ነው ያለው። ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥኳቸው ስምንት ፎቶዎችም ሁለቱ ጎድለዋል።

እናቴ ላይ ጮህኩባት። በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም። "የት አደረጋችሁት? ንገሪኝ፣ ለማን ሰጣችሁት?" አልኳት። የያዘችውን ልብስ መሬት ላይ አስቀመጠች።

"አባትሽ ይዞት ሄደ። ባቲ።"

"ለምን?"

"እሱን ጠይቂው።" ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "እኔንም ዝም በይ ብሎኛል።"

ከዚያ ወዲያ ምን ጥያቄ አለ? ሰኞ ነው፣ የባቲ ገበያ ቀን ነው፣ ሽማግሌው የባቲ ሰው ናቸው። ዛሬ ሴት ልጅ ሲድሩ ዕድሜዋ መድረሱን የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቃል፤ እሱን ሊያሳዩ ነው አልኩ። ሦስተኛው ቀን ባቲ ላይ ሆነ። ፎቶውንም ለሙሽራው ወስዶለታል። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ፤ ከዚህ በላይ የሚገጥም ነገር በሕይወቴ አላጋጠመኝም።

ሻሼን አስሬ፣ የቀሩትን ስድስት ፎቶዎች ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ሚኒባሱ ኮምቦልቻ ሲያወርደኝ የባቲውን እስኪሞላ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። "ፎቶ ቤት" የሚለውን ነካሁት። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ወረቀቱን አባቴ ካልመለሰልኝ ወደ ከሚሴ አልመለስም ብዬ ነበር። ባቲ ከደረስኩ ደግሞ ወዴት እንደሚኬድ እህቴ አሳይታኛለች።

አንድ ወንድ አነሳ። ስሜን አልጠየቀኝም። "ከየት ነሽ?" አለኝ።

"ከከሚሴ።"

"ስንት ሆናችሁ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ከግመል ተራው በታች ሸራ የተወጠረበት ሻይ ቤት አለ፤ እዚያ ነኝ። ዛሬ ከመጣሽ መልካም ነው" አለኝ። ድምፁ ለስለስ ያለ ነው። ክፉ ድምፅ ነበር የጠበቅኩት።

ባቲ ስደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ገበያው ሞልቶ ፈሷል፤ አፋሮቹ ግመላቸውን ይዘው፣ የደጋው ሰው እህሉን አንጥፎ፣ ሁሉም ይጮሃል። በመሃላቸው እየተጋፋሁ አባቴን ፈለግኩ። ፍየል ተራ የለም። ግመል ተራም የለም። ከግመል ተራው በታች ሸራውን አየሁት። እግሬ ወደዚያ ወሰደኝ። ትንሽ ቀርቶኝ አንድ የማውቀው ጀርባ አየሁ። ሽርጡን አውቀዋለሁ፣ ኮቱን አውቀዋለሁ። አባቴ ነው። ሂና የተቀቡት ሽማግሌ አጠገቡ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው አንድ ጎልማሳ ሰው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

ይኸው የሙሽራው አባት አልኩ። ሸራውን ከያዘው እንጨት ጀርባ ቆምኩ።

አባቴ ፎቶዬን ለሰውየው ዘርግቶለታል። "ይቺን ልጅ አይተሃታል?" አለው። ድምፁ የእሱ አይመስልም፤ ዝቅ ብሏል፣ ለምኗል። "ልጄ ናት። ከመጣችብህ አታሳልፋት። ስለ አላህ ብዬ ነው የምለምንህ። አንዷ ሄዳብኛለች፤ ይቺ ናት የቀረችኝ።"

ሰውየው ፎቶውን ተቀብሎ አየ።

"ኮሌጅ ልገባ ነው ትላለች" አለ አባቴ። "ያቺኛዋም እንዲያ ነበር ያለችኝ። ያው ፎቶ፣ ያው ምርመራ፣ ያው የስምንተኛ ካርድ። ዝርዝሩን መድኃኒት ቤት ወስጄ አስነበብኩት፤ አንድ በአንድ የእህቷ ነው።" ከጉያው ፋይሌን አወጣ። "አንተ ፊደል ታውቃለህ። ይህ ወረቀት የእውነት ነው? የእውነት የኮሌጅ ነው?"

ሰውየው ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አገላበጠ። ቀስ ብሎ ነው ያነበበው። "የእውነት ነው" አለ። "ውጤቷ ጥሩ ነው።"

ከዚያ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልኩን አየ። ያን ጊዜ ገባኝ። የደወልኩት ለእሱ ነው። አባቴ ተንበርክኮ ሊለምነው ምንም ያልቀረው ሰው ከአንድ ሰዓት በፊት ያዋራኝ ሰው ነው።

"ከየት ናት አልከኝ?" አለው አባቴን።

"ከከሚሴ።"

"አላውቃትም" አለ። ፎቶውን መለሰለት። "ከከሚሴ ዛሬ የደወለልኝም የለም።" ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተና የሻዩን ሒሳብ ሊከፍል ተነሳ። በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ደግ ሰው ነው ማለትም አልችልም፣ ስንቱን እንደወሰደ አላህ ነው የሚያውቀው።

አባቴ ሊነሳ ዞር ሲል አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ወረቀቴን ፍለጋ መጣሁ" አልኩት። "እማ ባቲ ነው ያለው ስትለኝ ተከትዬህ መጣሁ።"

ውሸት አልተናገርኩም። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ያልተናገርኩት ነው የቀረው።

ወደ መኪናው ስንሄድ ያወሩኝ ሽማግሌው ናቸው። "የኔዋ በዚህ ነው የሄደችው" አሉኝ። "ባህሩ ላይ ቀረች። አባትሽ ገበያ ላይ ሲያጫውተኝ፣ ደላሎቹን በመልክ አውቃቸዋለሁ፣ አብረን እንዙር አልኩት። ይኸው ሁለተኛ ሰኟችን ነው። ቤታችሁ የመጣሁትም መልክሽን ልይዝ ብዬ ነው፤ እዚህ ካየሁሽ እንዳውቅሽ።" ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ አገጬን ሲያዩ የነበሩት ለዚህ ኖሯል። እኔ በሆዴ ስንት ነገር ብያቸዋለሁ። እጃቸውን ሳምኩና የማላውቀውን ዱዓ አደረጉልኝ።

ሚኒባሱ ላይ አባቴ ፋይሉን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ውስጤ ሁለት ነገር ነበር፤ አንዱ ንዴት ነው። ልጁን አላመነም፣ ስሟ በዝርዝር ወጥቶ እንኳ ደላላ አምኖ ያስነብባል። ሌላው ግን ንዴቱን እያነሳ የሚጥለው ነገር ነው፤ አለማመኑ ልክ ነበር። እሱ ወረቀቴን ባይወስድ እኔ ያን ቁጥር አልነካም ነበር፤ እኔ ያን ቁጥር ባልቀበል ደግሞ ባዶ እጄን ስቀር ወደዚያ ሻይ ቤት የሚወስደኝ እግር አይኖረኝም ነበር። የቱ ከየቱ እንደሚቀድም መለየት አቃተኝ።

ኮምቦልቻ ልንደርስ ስንል "ባቲ ስንት ሻይ ቤት አለ" አለ፣ ከመስኮቱ ሳይዞር።

"ብዙ ነው።"

"ሁሉንም ዞረሽ ነው ያገኘሽኝ?"

"ሰው ጠይቄ ነው። ሂና የተቀቡ የግመል ነጋዴ ብዬ።"

"እ" አለ።

እኔም ዓይኔን ፋይሉ ላይ እንደተከልኩ ቀረሁ። በማግስቱ ቁጥሩን አጠፋሁት።

የምዝገባው ቀን ደሴ አብሮኝ ሄደ። አትምጣ አላልኩትም፤ ብለውም አይሰማኝም። ሻንጣዬን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። ሬጅስትራሩ ወረቀቶቼን ተቀብሎ ሲመዘግብ አባቴ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ እስክሪብቶውን ይከተል ነበር።

"ከዚህ ደግሞ ወዴት ትወስዷታላችሁ?" አለው።

"የትም። አራት ዓመት እዚሁ ናት፣ አባባ።"

"ማልልኝ።"

ሰውየው ሊስቅ ነበር፤ የአባቴን ፊት ሲያይ ተወው። "ወላሂ" አለ፣ እሱ ክርስቲያን ቢሆንም። አንገቱ ላይ ማተብ አለ።

አባቴ በዚያ አላበቃም። ግቢውን ልይ አለ። የመማሪያ ክፍሎቹን በመስኮት አንድ በአንድ አየ። አንዱ ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ የተኛ ሰው አይቶ ቆመና ጎንበስ ብሎ "አላህ ያሽርህ" አለው። መልስ ሲያጣ ወደ እኔ ዞረ።

"ይህ ሰው በጣም ደክሟል።"

"ሰው አይደለም፣ አባ። ላስቲክ ነው። መርፌ መውጋት የምንለማመድበት ነው።"

ተመልሶ አየው። "በላስቲክ ነው የምትማሩት?" አለ። ለአንድ አፍታ የቀድሞው ጥርጣሬው ሁሉ ፊቱ ላይ ተመለሰ። ከዚያ ራሱ ሳቀ። ስሜ ዝርዝሩ ላይ ከወጣ ጀምሮ ሲስቅ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

በሩ ላይ ቆምን። እኛ ጋ ሰው ሲለያይ አውፍ ይባባላል፤ ማን እንደሚመለስ፣ ማን እንደሚቀር አይታወቅምና አንዱ ይቅር በለኝ ሲል ሌላውም መልሶ እኔንም ይላል። አንዱ ብቻ ብሎት ሌላው ዝም ካለ ጎደሎ ነው።

"አውፍ በይኝ" አለኝ። "ወረቀትሽን ሳልነግርሽ ወሰድኩ። እንደ ሌባ ስከታተልሽ ከረምኩ።"

"አውፍ ብያለሁ፣ አባ።"

ቆሞ ጠበቀ። የእኔ ተራ ነው። ልለው እፈልጋለሁ፤ ግን ለምኑ ቢለኝ ወይ መናገር ነው፣ ወይ እዚያው በር ላይ መዋሸት ነው። ሌሎቹ ልጆች ሻንጣቸውን እየጎተቱ በመሃላችን ያልፋሉ።

"አንተም አውፍ በለኝ" አልኩ በመጨረሻ። ድምፄን እኔ ራሴ በደንብ አልሰማሁትም።

"እኔ ያኔ መኪናው ላይ ብያለሁ" አለ።

ከዚያ ሻንጣውን እጄ ላይ አስያዘኝና ወደ መናኸሪያ የሚወርድ ታክሲ አስቆሞ ሄደ።